«ስፓይደርላንድ»ን የሚወዱትና የሚሰለቹት የሰሙት አንድ ድምፅ አይደለም

የአሜሪካው ሮክ ባንድ የስሊንት ሁለተኛ አልበም «ስፓይደርላንድ» ስድስት ዘፈን ነው፤ ሁሉም ተደምረው አርባ ደቂቃ አይሞሉም። ይህን የምታህል ሥራ የሮክ አድማጮችን ለሁለት ከከፈለች ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። ገሚሱ በዕድሜው ከሰማው ሁሉ ይህን ያስቀድማል። ገሚሱ ሁለት ዘፈን ታግሦ ይሰማና «መቼ ነው የሚጀምረው?» ብሎ ያጠፋዋል። «ደህና ነው» ብሎ መሀል ላይ የሚቆም ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ነገሩን «የጣዕም ጉዳይ ነው» ብሎ መዝጋት ይቻል ነበር። የሁለቱን ወገን አስተያየት ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያይ ሰው ግን ቶሎ የሚያስተውለው ነገር አለ፤ የሚያወሩት ስለ አንድ ድምፅ አይደለም። አንዱ ስለ ሹክሹክታው ሲያወራ ሌላው ሹክሹክታውን ጭራሽ አልሰማውም። አንዱ የመጨረሻው ጩኸት እንዴት እንዳስደነገጠው ሲናገር ሌላው ያ ጩኸት እንደነበረ እንኳ ትዝ አይለውም። ይህ አልበም ከአብዛኛው የሮክ ሥራ በተለየ የሚሰማበት ሁኔታ ይወስነዋል። በምን ያህል ከፍታ፣ በምን መሣሪያ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደተሰማ አስተያየቱን ግማሽ መንገድ ይወስደዋል። ያ ሁሉ ተስተካክሎም የሚቀር እውነተኛ አለመስማማት አለ፤ እሱን ግን ከሌላው ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የአራት ቀን ቀረጻ

ስሊንት በ1986 በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት፣ በሉዊቪል ከተማ ተመሠረተ። ጊታር የሚጫወተውና አብዛኛውን ድምፅ የሚሰጠው ብራያን ማክማሃንና ከበሮ መቺው ብሪት ዋልፎርድ ቀደም ሲል ስኩዊረል ቤይት በተባለ የዚያው ከተማ ባንድ ውስጥ ነበሩ። ሁለተኛው ጊታር የዴቪድ ፓጆ ነው። የመጀመሪያ አልበማቸውን «ትዊዝ»ን የቀረጸላቸው ስቲቭ አልቢኒ ነበር፤ በ1989 በትንሽ አሳታሚ ወጣ። ዘጠኝ ዘፈን፣ ከግማሽ ሰዓት በታች። ዘፈኖቹ የተሰየሙት በአባላቱ ወላጆች ስም ነው፤ አንዱ ብቻ በዋልፎርድ ውሻ ስም «ሮዳ» ተባለ። የመጀመሪያው ቤዝ ተጫዋች ኢታን በክለር የአልበሙን ድምፅ ስላልወደደው ባንዱን ለቀቀ፤ ቶድ ብራሺር ተተካ።

ይህን መለስ ብሎ ማወቅ የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ነው። «ትዊዝ» ቀልደኛ፣ ሸካራ፣ የስቱዲዮ ጨዋታ የበዛበት ሥራ ነው። ሁለተኛው አልበም ይህን ሁሉ ገፎ ጣለው። ሁለቱን ተከታትሎ የሚሰማ ሰው የሌላ ባንድ ሥራ የሰማ ይመስለዋል፤ «ትዊዝ» ይሻለኛል የሚሉ ጥቂት አድማጮችም አሉ፤ የሚፈልጉት ጉልበትና ድንገተኛነት ከሆነ ምክንያታቸው ይገባል።

«ስፓይደርላንድ» በነሐሴ ወር 1990 ቺካጎ ውስጥ በአራት ቀን ተቀረጸ። የቀረጸው ብራያን ፖልሰን ነው፤ ባንዱን አንድ ላይ አስጫውቶ፣ ብዙ ሳይደጋግምና ብዙ ሳይደራርብ መቅዳት ልማዱ ነበር። አባላቱ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ። የመሣሪያውን ክፍል በዋልፎርድ ወላጆች ቤት ምድር ቤት ውስጥ ደጋግመው ተለማምደውታል፤ ግጥሙና ድምፁ የተጨመሩት ዘግይተው ነው። ለአድማጭ ግራ የሚያጋባው ብዙ ነገር መነሻው እዚህ ላይ ነው። ሙዚቃው ያለ ድምፃዊ እንዲቆም ሆኖ ተሠርቷል። ቃሉ የገባው ቀድሞ በተሞላ ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ነው፤ ወንበር ፈልጎ ይቀመጣል እንጂ ቤቱ ለእሱ አልተሠራም።

በማርች 1991 የቺካጎው አሳታሚ ተች ኤንድ ጎ ሲያወጣው ባንዱ ፈርሶ ነበር። አልበሙን ይዞ ከከተማ ከተማ የሚዞር፣ ቃለ ምልልስ የሚሰጥ፣ መድረክ ላይ የሚያሳየው ሰው አልነበረም። በዚያ ዘመን ለትንሽ አሳታሚ ባንድ ደግሞ ገበያው መድረኩ ነው፤ ሰው ባንዱን ያያል፣ ሸክላውን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ገዝቶ ይሄዳል። ያ ሰንሰለት ሲበጠስ የቀረው ከጓደኛ ወደ ጓደኛ የሚተላለፍ የካሴት ቅጂ ነበር። የመጀመሪያውን አልበም የቀረጸው አልቢኒ በእንግሊዙ «ሜሎዲ ሜከር» መጽሔት ላይ ስለ ሁለተኛው ጽፎ ከአሥር አሥር ኮከብ ሰጠው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ትልቅ ምልክት እንደሚሆንም ተነበየ። ትንቢቱ ሠመረ፣ ግን ቀስ እያለ። በ1995 «ጉድ ሞርኒንግ ካፕቴን» በ«ኪድስ» ፊልም ማጀቢያ ውስጥ ገባ። በ2005 አባላቱ ለመድረክ ተሰባሰቡ፤ በ2007 አልበሙን ከዳር እስከ ዳር እየተጫወቱ ዞሩ። በ2014 ከዋናው የአናሎግ ቴፕ ቦብ ዌስተን እንደገና ማስተር ያደረገው (ለኅትመት የመጨረሻውን የድምፅ ዝግጅት የሠራለት) ልዩ እትም በ3,138 ቅጂ ብቻ ወጣ።

«ምንም አይፈጠርም» የሚለው ቅሬታ

ይህ በጣም የሚደጋገመው ነው፤ በጣም የሚፈታውም እሱ ነው።

አልበሙ የተሠራው በዝግታና በጩኸት መካከል ባለ ርቀት ነው። በዚያው ዘመን የነበሩ ብዙ የሮክ ባንዶችም ዝግ ብለው ጀምረው አዝማቹ ላይ ይጮኹ ነበር፤ እዚያ ግን አድማጩ ጩኸቱ መቼ እንደሚመጣ ያውቃል። ስሊንት ያንን ቀጠሮ አያከብርም። «ዋሸር» ከስምንት ደቂቃ ተኩል በላይ ይሄዳል፤ በጣም ዝቅ ባለ ጊታርና በጸናጽል ይጀምራል፤ ይፈነዳል ብለህ የምትጠብቅባቸውን በሮች ሁሉ እያለፈ ሄዶ የሚፈነዳው ወደ ማብቂያው ነው። ድምፅ የሌለው «ፎር ዲነር» ደግሞ ውጥረቱን እየሰበሰበ ይለቀዋል፣ ደግሞ ይሰበስበዋል፤ ከ«ዋሸር» በኋላ የተቀመጠውም ትንፋሽ ለመሰብሰብ ይመስላል።

አሁን ይህን በአውቶቡስ ውስጥ አስቡት። የሞተሩና የመንገዱ ድምፅ 70 ዴሲቤል አካባቢ ነው። የሰው የተለመደ ንግግር 60 አካባቢ። አድማጩ ድምፁን ለጆሮው በሚመቸው ልክ ሲያደርገው ጮክ ያለው ክፍል ከሞተሩ በላይ ይወጣል፤ ዝግ ያለው ክፍል ግን ከሞተሩ በታች ይቀበራል። ስለዚህ የሚደርሰው ነገር ረጅም ባዶ ቦታ፣ መሀል ላይ አጭር ጩኸት፣ ከዚያ እንደገና ባዶ ቦታ ነው። «ምንም አይፈጠርም» ቢል ሐቁን ነው፤ በእሱ ጆሮ ውስጥ ምንም አልተፈጠረም። ዛሬ ተጨምቀው ማስተር በተደረጉ ዘፈኖች ይህ ችግር የለም፤ ዝግ ያለውም ጮክ ያለውም እኩል ከፍታ ላይ ስለተቀመጠ የትም ይሰማል።

የስልክ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ሌላ ነገር ይቆርጣል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በተለመደው ቅኝት 41 ኸርትዝ ላይ ይጮኻል፤ የስልክ ማጉያ ወደዚያ አይደርስም፣ ከዚያ ብዙ ከፍ ባሉ ድምፆችም ይደክማል። ጆሮ ውስጥ የሚገቡትም ማዳመጫዎች ጎማቸው ከጆሮ ቀዳዳ ጋር በደንብ ካልገጠመ ወፍራሙ ድምፅ ያፈተልካል። በሌላ ባንድ ሥራ ቤዙ ቢጠፋ ዜማው ይቀራል። እዚህ ሁለቱ ጊታሮች ብዙ ጊዜ የሚጫወቱት የተበታተኑ ነጠላ ኖታዎችን ነው፤ አንድ ላይ የሚያስራቸው የብራሺር ቤዝና የዋልፎርድ እግር ከበሮ ነው። ማሰሪያው ሲወጣ የሚቀረው የልምምድ ድምፅ ይመስላል፤ «ያላለቀ ሥራ ነው» የሚሉ አድማጮች ብዙ ጊዜ የሰሙት ይህንኑ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ስህተት ግን ከመሣሪያው አይደለም፣ ከእጅ ነው። አድማጩ የመጀመሪያውን ዘፈን ይከፍታል፤ «ብሬድክረም ትሬይል» በጠራ ለስላሳ ጊታር ይጀምራል፤ ድምፁ አነስ አለብኝ ብሎ ከፍ ያደርገዋል። ከዚያ የተዛባው፣ ሆን ተብሎ የሻከረው ጊታር ይመጣና ጆሮውን ይመታዋል። ደንግጦ ዝቅ ያደርገዋል። እንደገና ከፍ የሚያደርገው የለም። የቀረውን ሠላሳ አምስት ደቂቃ ለጩኸቱ ተብሎ በወረደ ከፍታ ይሰማዋል።

አፑ ያለ ፈቃድ የሚነካው

የሙዚቃ አፖች የዘፈኖችን ከፍታ ያስተካክላሉ። ስፖቲፋይ በመደበኛው አሠራር ወደ -14 ሉፍስ፣ አፕል ሙዚቃ ወደ -16 ሉፍስ ያቀርባቸዋል፤ ሉፍስ የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ድምፁ ይጮኻል። ይህ በራሱ ጉዳት የለውም፤ ጠቅላላውን ከፍታ እንጂ በዘፈኑ ውስጥ ያለውን ርቀት አይነካም። ጉዳቱ የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው።

አንደኛው፣ ስፖቲፋይ ላይ አልበሙ በተራው ሲጫወት ማስተካከያው ለመላው አልበም አንድ ነው፤ በመደባለቅ (ተራው ሳይጠበቅ) ወይም ከሌሎች ዘፈኖች ጋር በዝርዝር ውስጥ ሲጫወት ግን እያንዳንዱ ዘፈን ለብቻው ይስተካከላል። ያኔ ዝግ ያለ ዘፈን ከጎረቤቱ ጋር እኩል ለመሆን ይገፋል። ለዳንስ ሙዚቃ ችግር የለውም። ዝግታው ከፊቱ ካለው ዘፈን አንጻር ለተለካ አልበም ግን ሚዛኑን ያፈርሰዋል። ሁለተኛው «ጮክ ያለ» የሚለው ምርጫ ነው፤ ወደ -11 ሉፍስ ሲገፋ በቂ ቦታ ካላገኘ ጫፎቹን የሚገድብ ማሳሪያ ይሠራል። በዚህ አልበም ጫፉ ራሱ ትርጉሙ ነው።

ዘፈን ከዘፈን የሚያቀላቅለውን ምርጫም ማጥፋት ያስፈልጋል። «ኖስፌራቱ ማን» ግማሽ ደቂቃ ገደማ በሚቆይ የጊታር ፉጨት ነው የሚያልቀው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው «ዶን አማን» ከበሮ የለውም፣ ሁለት ጊታርና አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ፉጨቱ ተቆርጦ ጸጥታው መምጣት አለበት። አፑ አንዱን በሌላው ላይ ሲደርብ ያ ክፍተት ይጠፋል።

ድምፁ ላይ ያለው ክርክር

«አይዘፍንም፣ ያወራል» የሚለው ቅሬታ በመሣሪያ የሚፈታ አይደለም፤ እውነት ነው፣ በአብዛኛው ያወራል። ክርክሩ ያ ማውራት ምን ይሠራል በሚለው ላይ ነው።

በተለመደው የሮክ ቀረጻ የዘፋኙ ድምፅ ከሁሉ ፊት ይቀመጣል። እዚህ ዝቅ ተደርጎ ከጊታሮቹ ኋላ ነው ያለው። አድማጩ ቃሉን ለመያዝ ወደ ፊት ዘንበል ይላል፤ ዘንበል ባለበት ቅጽበት ጊታሩ ይደርሳል። ይህ የስህተት ውጤት ቢሆን ኖሮ በየዘፈኑ እንዲህ ባልተደጋገመ ነበር። ሆኖም እንግሊዝኛው ለሚያስቸግረው ሰው ዋጋው ከባድ ነው፤ ከቃሉ ግማሹን ያጣል። የሚሻለው የመጀመሪያውን ጊዜ ቃሉን ሳይከታተሉ መስማት፣ ሁለተኛውን ጊዜ ግጥሙን ከፊት አድርጎ ማንበብ ነው። በተቃራኒው ሲሆን አድማጩ ታሪኩን እያነበበ ሙዚቃውን ማጀቢያ ያደርገዋል፤ ከዚያ «ታሪኩ ቀላል ነው» ይላል።

ታሪኮቹም በእርግጥ ቀላል ናቸው። በ«ብሬድክረም ትሬይል» አንድ ሰው ወደ መዝናኛ ትርኢት ሄዶ ጠንቋይ ያገኝና አብረው ተወርዋሪው ባቡር ላይ ይወጣሉ። «ኖስፌራቱ ማን» ከ1922ቱ የጀርመን ድምፅ አልባ የአስፈሪ ፊልም የተነሣ ነው፤ በግጥም ደረጃ ከስድስቱ ደካማው እሱ ነው፣ የወጣት ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። ይሁንና መሣሪያው ያድነዋል። የግጥሙ ክፍል ምት በአምስት ነው የሚቆጠረው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ እንደገና አንድ። በአራት የለመደ ጆሮ አምስተኛው ላይ ሲደርስ መሬት የከዳው ያህል ይሰማዋል፤ ብዙ አድማጭ «የሆነ የማያስቀምጥ ነገር አለው» ብሎ የሚገልጸው ይህንኑ ነው። ጉልበት ላይ በጣት እየመቱ መቁጠር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ አንዴ ከተያዘ በኋላ ዘፈኑ ሌላ ዘፈን ይሆናል።

ከሁሉ የበለጠው ግን «ዶን አማን» ነው፤ እንዲያውም የአልበሙ ልብ እሱ ነው ማለት ይቻላል። የሚያወራው ማክማሃን አይደለም፣ ከበሮውን ትቶ ጊታር ያነሣው ዋልፎርድ ነው፤ ከእሱ ጋር ፓጆ ብቻ አለ። አንድ ሰው በሰዎች መሀል ሆኖ ይጨንቀዋል፣ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ያስባል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሌላ ነገር የለም። ሁለቱ ጊታሮች ግን ከበሮ ሳይዛቸው ነው የሚሄዱት፤ የሚጠባበቁት አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ነው። አንዱ ሊፈጥን ሲል ሌላው ይከተለዋል፣ ሁለቱም ይመለሳሉ። ወደ ማብቂያው ጊታሩ ድንገት ይደፈርሳል፣ ያንን ሰው የሚያክል ቁጣ ለአፍታ ይወጣል፣ ከዚያ እንደ ነበረው። ከበሮ ቢኖርበት ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር፤ ከበሮ ቀድሞ ያስጠነቅቃል።

የመጨረሻው ደቂቃ

ስለዚህ አልበም የሚነገረው ግማሹ ስለ «ጉድ ሞርኒንግ ካፕቴን» ማብቂያ ነው። ከመርከብ አደጋ የተረፈ ካፒቴን በር ያንኳኳል፤ ሕፃን ይመጣል። ከሰባት ደቂቃ በላይ በሆነው ዘፈን ውስጥ ማክማሃን አብዛኛውን ጊዜ ከሹክሹክታ ብዙም ከፍ አይልም፤ ጊታሮቹ በጥቂት ደረቅ ኖታ ይሽከረከራሉ፣ ከበሮው እየተቆራረጠ ይሄዳል። ማብቂያው ላይ ሁሉም አንድ ላይ ይወድቅና ማክማሃን ከጊታሮቹ በላይ ናፍቆቱን ይጮኻል። ከጩኸቱ ብርታት ቀረጻው ላይ እንዳመመው ተነግሯል። ለማን እንደሚጮኸው እንግሊዝኛው አይለይም፤ አማርኛ «ናፈቅኸኝ» ወይም «ናፈቅሽኝ» ብሎ መምረጥ ግድ ይለዋል፣ ዘፈኑ ግን ሁለቱንም በር ክፍት ትቶ ነው የሚያልፈው። ለሕፃኑ ይሁን ለቀድሞ ራሱ የሚለው የአድማጮች ጭቅጭቅ ያላባራውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አድናቂዎቹ አንድ ጥፋት ይሠራሉ። ለጀማሪ ሰው ያንን የመጨረሻ ደቂቃ ብቻ ቆርጠው ያሰሙታል። ሰሚው የሚሰማው አንድ የሚጮኽ ወጣት ነው፤ ምን ያስደንቃል? ጩኸቱ የሚሠራው ከፊቱ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ሙሉ ያልተጮኸ ነገር ስላለ ነው። ተቆርጦ ሲቀርብ ዋጋው ይወርዳል፤ ሰውየው ኋላ ሙሉውን ቢሰማ እንኳ ያንን ቦታ እየጠበቀ ስለሚሰማ የመጀመሪያውን ጊዜ መልሶ አያገኘውም።

ሌላው የአድናቂ ጥፋት አፈ ታሪኩ ነው። ከባንዱ አባላት ቢያንስ አንዱ በዚህ አልበም ምክንያት አእምሮው ተነክቶ ሆስፒታል ገባ የሚል ወሬ ለዓመታት ዞሯል። በ2014 የወጣው ዘጋቢ ፊልም ያሳየው ግን የሚቀላለዱ፣ በልምምድ የሚተጉ ወጣቶችን ነው። የሽፋኑ ፎቶም በወሬው ላይ ጨምሯል፤ ጥቁርና ነጭ፣ አራት ጭንቅላት ከውሃ በላይ ብቅ ብሎ። ያነሣው ጓደኛቸው ዊል ኦልድሃም ነው፤ ቦታው ኢንዲያና ውስጥ ውሃ የሞላው የድንጋይ ካባ ነው። ፎቶውን ልብ ብሎ ላየው ሰው ልጆቹ ፈገግ እያሉ ነው። በወሬው ተመርቶ የመጣ አድማጭ ጨለማ ይጠብቃል፤ የሚያገኘው ጥንቃቄ ነው፣ ይከፋዋል።

«ሁሉም እንደዚህ ነው የሚጫወተው» የሚሉት ደግሞ በአብዛኛው ወጣቶች ናቸው። ከዚህ አልበም በኋላ የመጡትን ባንዶች፣ እነ ሞግዋይን ወይም ጎድስፒድ ዩ ብላክ ኤምፐረርን ቀድመው ሰምተዋል፤ ዝግ ብሎ ተነሥቶ መጨረሻ ላይ የሚንድ ሙዚቃ ለእነሱ አዲስ አይደለም። በ2021 እንኳ የለንደኑ ባንድ ብላክ ካንትሪ ኒው ሮድ በመጀመሪያ አልበሙ ውስጥ ራሱን ከስሊንት አስመሳዮች ተራ ቆጥሮ በግጥሙ አስገብቷል። ይህን ቅሬታ «ቀድሞ ያደረገው እሱ ነው» ብሎ መመለስ አያረካም፤ ቀዳሚነት ጆሮን አያስደስትም። የተሻለው መልስ ልዩነቱን መጠቆም ነው። ተከታዮቹ በብዛት የሚሠሩት በስፋት ነው፤ ማሚቶ ይጨምራሉ፣ መሣሪያ ይደራርባሉ። እዚህ ያለው አራት ሰው ነው፤ ክፍሉ ደረቅ ነው፤ ጣት ክር ላይ ሲንሸራተት ይሰማል።

በሸክላ ይሻላል ወይ?

የአልበሙ ሽፋን ራሱ ቀረጻው በሸክላ ሊሰማ የታሰበ መሆኑን ይናገራል። ቃሉን እንደ ትእዛዝ የሚወስዱ አሉ፤ ነገሩ ግን ሁለት ፊት አለው።

የሸክላው ትልቁ ጥቅም ድምፁ ላይ አይደለም፣ መገልበጡ ላይ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ሦስት ዘፈን አለ፣ አሥራ ስምንት ደቂቃ ገደማ፤ «ዶን አማን» ላይ ያልቃል። ያ ብቸኛ ሰው እቤቱ ከገባ በኋላ መርፌው ይነሣል፣ ጸጥታ ይሆናል፣ ሰሚው ተነሥቶ ይገለብጠዋል። ሁለተኛው ገጽ በ«ዋሸር» ዝግታ ይጀምራል። በአፕ የሚሰማ ሰውም ሦስተኛው ዘፈን ሲያልቅ ለሁለት ደቂቃ ቢያቆመው ይህንን በነጻ ያገኘዋል።

ጉዳቱ ደግሞ የሚመጣው በትክክል በከፋ ቦታ ነው። በደቂቃ 33 ከሲሶ ዙር የሚዞር ትልቅ ሸክላ፣ ከውጭው ጠርዝ መርፌው ሥር በሰከንድ 50 ሳንቲሜትር ያህል ያልፋል፤ ወደ መሀሉ ሲጠጋ ከ20 ብዙም አይበልጥም። ያው ድምፅ ባነሰ ቦታ ላይ ስለሚታጨቅ ከፍተኛውና ሹሉ ድምፅ ይሻክራል። «ጉድ ሞርኒንግ ካፕቴን» የሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ነው፤ ጩኸቱ የሚያርፈው በጣም ጠባብ በሆነው ቦታ ላይ ነው። መርፌው ያረጀ ወይም በትክክል ያልተገጠመ ከሆነ ጩኸቱ ይሰነጠቃል፤ ሰሚው ያንን የባንዱ ሥራ ያደርገዋል። አቧራውም ችግር ነው፤ «ዋሸር» ሲጀምር የሚንጣጣ አቧራ ከጊታሩ ይበልጣል። ስለዚህ ደህና መርፌና ንጹሕ ሸክላ ለሌለው ሰው፣ ከቦብ ዌስተን ማስተር የመጣው ዲጂታል ቅጂ በጥሩ ማዳመጫ ይሻለዋል።

አሰማሙን ባጭሩ እንዲህ ማድረግ ይቻላል። አርባ አምስት ደቂቃ ነጻ ጊዜና ጸጥ ያለ ክፍል። ጆሮን የሚሸፍን ማዳመጫ። መደባለቁ፣ ማቀላቀሉ፣ «ጮክ ያለ» ምርጫውና የድምፅ ማሳመሪያው ይጥፉ፤ አልበሙ ሲያልቅ አፑ ሌላ ዘፈን እንዳያስከትልም ይዘጋ። ከፍታውን ለመለካት የመጀመሪያውን ዘፈን ብቻ ከፍቶ የተዛባው ጊታር እስኪመጣ መጠበቅ፤ እሱ ጠንከር ብሎ ግን ሳያሳምም የሚሰማበት ቦታ ላይ አቁሞ ወደ መጀመሪያው መመለስ። ከዚያ እስከ መጨረሻው አለመንካት። ዝግ ያለው ቦታ ሲመጣ እጅ ወደ ስልኩ ይሄዳል፤ እዚያ ላይ ነው መታገሥ የሚያስፈልገው። ለጆሮ የሚፈራ ካለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚያስቀምጠው ልክ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ አንድ አልበም በዚህ ከፍታ አይጎዳም። በሁለተኛው ዙር ሌላውን ሁሉ ትቶ ዋልፎርድን ብቻ መከተል ብዙ ይከፍታል፤ መቼ እንደሚመታ ሳይሆን መቼ እንደማይመታ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይወዱት ይኖራሉ፤ እነዚህን «አልገባችሁም» ማለት ነውር ነው። ዜማ የሚፈልግ ሰው እዚህ የሚያንጎራጉረው አያገኝም፤ «ዋሸር» ላይ ብቻ ማክማሃን ወደ መዝፈን ይጠጋል። ሙዚቃ እንዲያቅፈው የሚፈልግ ሰው ይበርደዋል። የንግግር ድምፅ በሙዚቃ ላይ የሚያስጠላው ሰውም አለ፤ ያ የጆሮ ጉዳይ ነው፣ ልምምድ አይለውጠውም።

ለእንዲህ ያለው ሰው ሌላ በር አለ። ባንዱ በ1989 የቀረጻቸውና በ1994 ብቻ የወጡ ሁለት ድምፅ የሌላቸው ሥራዎች አሉ፤ «ግሌን» እና እንደገና የተሠራው «ሮዳ»። «ግሌን» በ«ትዊዝ» ጉልበትና በ«ስፓይደርላንድ» ትዕግሥት መካከል ነው የቆመው፤ ቤዙ ፊት ለፊት ነው፤ የሚያወራ የለም። እሱን ወዶ የጨረሰ ሰው ወደ «ፎር ዲነር» ይለፍ፣ ከዚያ ወደ «ዋሸር»። «ግሌን» ላይም የሰለቸው ሰው ስሊንትን ትቶ ቢሄድ ምንም አላጎደለም።